የእማዬን ስልክ ሩት ላድርገው? አብረውት የመጡት አፖች አልጠፋ አሉኝ

የእማዬ_ልጅ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ለእማዬ ከአራት ወር በፊት አዲስ ስልክ ገዛሁላት። ከአቅሜ ጋር የሚሄድ ነው፤ 2 ጊጋ ራም፣ 32 ጊጋ ሚሞሪ፣ አንድሮይድ 12 ጎ፣ ፕሮሰሰሩ ሚዲያቴክ። የምርቱን ስም አልጠራም።

እማዬ ስልኩን የምትፈልገው ለሁለት ነገር ነው። ለመደወል፣ እና ርያድ ካለችው እህቴ ጋር በኢሞ ለመተያየት። ስልኩ ግን እረፍት አይሰጣትም። ስትከፍተው ማስታወቂያ፣ ስትዘጋው ማስታወቂያ። ያልጫንነው ብሮውዘር ቀኑን ሙሉ ዜና ይልካል። አንድ የስልክ ማጽጃ አለ፤ በየሰዓቱ "ስልክዎ ቆሽሿል" ይላታል። ባለፈው እሁድ ቤት ስሄድ እማዬ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ስክሪኑን ስትወለውል አገኘኋት። "ቆሽሿል ይለኛል፣ ስንቴ ልጥረገው?" አለችኝ። በጣም ነው ያናደደኝ።

የወር ጥቅል ገዛሁላት፣ በ11 ቀን አለቀ። ሴቲንግ ገብቼ የዳታ አጠቃቀሙን ሳየው ከግማሽ በላይ የበሉት እኛ ነክተናቸው የማናውቅ አፖች ናቸው። ላጠፋቸው ስል አንኢንስቶል የሚል የለም። ዲሰብል የሚለውም በአንዳንዶቹ ላይ ደብዝዟል፣ አይነካም።

ሰፈራችን ያለ ልጅ "ሩት ካልተደረገ፣ ማለትም የስልኩ የተቆለፈ ክፍል ካልተከፈተ፣ አይጠፋም፣ አምጣው ላድርግልህ" ብሎኛል። ልስጠው? ሩት አድርጋችሁ የምታውቁ ምን ትላላችሁ?


ጥገና_ቤት — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15

ወንድሜ፣ ቆይ፣ አትቸኩል። እኔ ስልክ ጥገና ላይ 12 ዓመት ሆኖኛል። ሩት ይደረግልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሩት አይደለም። ማስታወቂያው እንዲቆምለት፣ ዳታው እንዳይበላበት ነው የሚፈልገው። እሱ ደግሞ ያለ ሩት ይሆናል።

ነገሩን በቤት ኪራይ ላስረዳህ። ቤት ተከራየህ። አከራይህ አንዱን ክፍል ቆልፎ የራሱን ዕቃ እዚያ አስቀመጠ። ስልክህም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው የጫናቸው አፖች ያሉት ሲስተም በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ስልኩ ከዚያ ያነባል እንጂ አንተ እዚያ ገብተህ ምንም መቀየር አትችልም። ሩት ማለት የዚያን ክፍል ቁልፍ መያዝ ነው። ቁልፉን የምትይዘው ግን አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሩት የፈቀድክለት አፕ ሁሉ አብሮህ ይይዘዋል። እናትህ "ፍቀድ" የሚል ነገር ሲመጣባት ሳታነብ ብትነካስ?

ሌላው መንገድ ኤዲቢ ይባላል። ጉግል ለአፕ ሠሪዎች ብሎ ያዘጋጀው መገናኛ ነው። በእሱ በኩል "ይህን አፕ ለተጠቃሚ ዜሮ አንሳው" ብለህ ታዘዋለህ። ተጠቃሚ ዜሮ ማለት የስልኩ ዋና ባለቤት ነው፣ እዚህ ላይ እናትህ። አፑ ከተቆለፈው ክፍል አይወጣም። ግን ወደ እሷ ቤት ብቅ አይልም። አይነሳም፣ ዳታ አይበላም፣ ማስታወቂያ አይልክም። ሀሳብህን ከቀየርክ ደግሞ መልሰህ ታመጣዋለህ። ፋብሪካ ሪሴት ካደረግከው ግን ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ፣ ሥራው እንደገና ነው።

ከአሁኑ አንድ ነገር ልንገርህ፤ በኋላ እንዳትናደድብኝ። ሚሞሪው ብዙም አይለቀቅም። አፑ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ቦታውን እንደያዘ ነው። የሚለቀቀው አፑ በኋላ በአፕዴት ያመጣውና ራሱ ያጠራቀመው ነው። ትርፍህ ራሙ፣ ባትሪውና ዳታው ላይ ነው። ለ2 ጊጋ ራም ስልክ እሱ ትልቅ ነገር ነው።


ቡት_ሎደር — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:05

ጋሼ ጥገና ቤት ለእናትየው ስልክ ያሉት ትክክል ነው። ግን ሩት ሲባል ሰው ሁሉ እንዲፈራ አልፈልግም። እኔ ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ስልኬን ሩት ሳላደርግ ይዤ አላውቅም። የገዛሁት ዕቃ የራሴ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውስጡ ምን እንደሚሠራ የማወቅ መብት አለኝ።

ግን አሠራሩ ከድሮው በጣም ተለውጧል። ይህን ሳያውቁ የሚነኩ ናቸው ስልክ የሚገድሉት።

ድሮ ኪንግሩት የሚባል አፕ ነበር። አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ አለቀ። ይህ የሚሠራው በአሮጌ አንድሮይድ ላይ የነበሩ ክፍተቶችን ተጠቅሞ ነው። ክፍተቶቹ ተደፍነዋል። ዛሬ በአንድ ጠቅታ አዲስ ስልክ ሩት አደርጋለሁ የሚል አፕ ካያችሁ አትጫኑት። የምትሸሹትን ነገር በገዛ እጃችሁ ማስገባት ነው።

የዛሬው መንገድ ማጂስክ የሚባል ፕሮግራም ነው። ጆን ዉ የሚባል የታይዋን ልጅ በ2016 ያወጣው። ሲስተሙን ራሱን አይነካም፤ ስልኩ ሲነሳ የሚያነበውን ቡት ኢሜጅ የሚባለውን ፋይል ነው የሚቀይረው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ትከፍታለህ። ይህ በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ፎቶ፣ ኮንታክት፣ ቻት፣ ምንም አይቀርም። መጥፋቱ ስህተት አይደለም፤ ስልክህን የሰረቀ ሰው ከፍቶ እንዳያነብብህ ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚያ የስልክህን ፈርምዌር፣ ማለትም ፋብሪካው የሠራለትን ሶፍትዌር፣ ታገኛለህ። ሞዴሉ ብቻ ሳይሆን የቢልድ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አኃዝ መመሳሰል አለበት። ከውስጡ ቡት ኢሜጁን አውጥተህ በማጂስክ ታስተካክለዋለህ። በአንድሮይድ 13 የወጡ ብዙ ስልኮች ላይ ፋይሉ ቡት ሳይሆን ኢኒት ቡት የሚባለው ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በመጨረሻ ፋስትቡት በሚባለው የኮምፒውተር መሣሪያ መልሰህ ስልኩ ላይ ትጭነዋለህ። ሚዲያቴክ ከሆነ ከዚያ በኋላ በተነሳ ቁጥር "ኦሬንጅ ስቴት" የሚል ጽሑፍ ያሳይሃል፤ 5 ሰከንድ ቆይቶ ይነሳል። አትደንግጡ፣ ቡትሎደሩ ክፍት ነው ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የወጡ ስልኮች ላይ የሲስተሙ ክፍሎች ሱፐር በሚባል አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ተጠቅልለዋል። ሩት ብትሆንም ገብተህ አፑን እንደ ድሮው መሰረዝ አትችልም። ማጂስክም የሚያደርገው አፑን ከዓይን መሰወር ነው። ስለዚህ አፕ ለማጥፋት ብቻ ብሎ ሩት ማድረግ ዛሬ ብዙ ትርጉም የለውም። በኤዲቢ የምታገኘውን ውጤት በከባድ መንገድ ማግኘት ነው።

እኔ ሩት የማደርገው ለሌላ ነው። የትኛው አፕ ኢንተርኔት ይግባ፣ የትኛው አይግባ ብዬ በፋየርዎል እወስናለሁ። ስልኬን ከነሙሉ ዳታው ባክአፕ አደርጋለሁ። ለእናት ስልክ ይህ አያስፈልግም።


ድምፅ_አልባ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30

እኔ የደረሰብኝን ልጻፍ፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት።

ባለፈው ክረምት የራሴን ስልክ ሩት ላደርግ ብዬ ቡትሉፕ ውስጥ ገባ። ስሙ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈርምዌሩን መልሼ ልጭን ተቀመጥኩ። ከላይ ሦስት ምርጫ አለ። እኔ "ፎርማት ኦል" የሚለውን መረጥኩ፤ ሁሉንም አጽድቶ አዲስ ያደርግልኛል ብዬ። ስልኩ ተነሳ፣ ደስ አለኝ። ሲሙን ሳስገባ ኔትወርክ የለም። *#06# ስል አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር የለም፣ ባዶ ነው።

ለካ ያ ምርጫ ኤንቪራም የሚባለውን ክፍል አብሮ ያጠፋዋል። ይኸው መለያ ቁጥርና የአንቴናው ማስተካከያ ያለው እዚያ ነው። ፈርምዌሩ ውስጥ ደግሞ የለም፤ ለእያንዳንዱ ስልክ ፋብሪካ ላይ የሚጻፍ ነው። ባክአፕ አልያዝኩም ነበር። ያ ስልክ እስካሁን በዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ታናሽ ወንድሜ ቪዲዮ ያይበታል።


ጥገና_ቤት — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:50

ድምፅ አልባ፣ አይዞህ። ይህ ነገር ስንቱን አስለቅሶታል። ሦስቱ ምርጫዎች ውስጥ ደህናው "ዳውንሎድ ኦንሊ" የሚለው ነው። ከመንካት በፊት ደግሞ ኤንቪራሙን አንብቦ ማስቀመጥ።

የስልክህ ካርቶን ካለ ጎኑ ላይ አይኤምኢአይው ተጽፏል። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ከሥሩም አለ። የራስህኑ ቁጥር ይዘህ ዕቃው ወዳለው ባለሙያ ሂድ፣ የሚመለስበት ዕድል አለ። አንድ ነገር ግን አደራ። "ሌላ ቁጥር ላስገባልህ" የሚልህ ካለ አትቀበል። ያ ቁጥር የሌላ ሰው ነው።

ሌላ ጉዳይ። ፍላሽ የምታደርጉ፣ ማለትም ፈርምዌር የምትጭኑ ልጆች ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ አድርጉት። በዴስክቶፕ እያደረጉ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ የሞተ ስልክ ብዙ መጥቶልኛል።


ከቨርጂንያ — እሁድ፣ ከጠዋቱ 1:10

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ካለሁበት አሜሪካም ይኸው ነው፤ ርካሽ ስልክ ላይ ገንዘቡን ያልከፈልክበት ነገር በሌላ በኩል ይወጣል። በ2016 ብሉ አር1 ኤችዲ የሚባል ስልክ በአማዞን በ50 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ መቆለፊያው ገጽ ላይ ማስታወቂያ ለማየት ከተስማማህ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ክሪፕቶዋየር የሚባል የደኅንነት ድርጅት በዚህ ስልክ ላይ አዱፕስ የሚባል የአፕዴት ሶፍትዌር የሰዎችን የጽሑፍ መልእክትና የጥሪ ዝርዝር ቻይና ወዳለ ሰርቨር ሲልክ አገኘው። በ2020 ጥር ደግሞ ማልዌርባይትስ ዩኤምኤክስ የሚባል የ35 ዶላር ስልክ ላይ ቫይረስ አብሮ ተጭኖ እንደመጣ ጻፈ። ስልኩ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በመንግሥት ድጋፍ የሚሰጥ ነበር። ከተበከሉት አንዱ የስልኩ ሴቲንግ ራሱ ነው። ሴቲንግን እንዴት ታጠፋዋለህ? ስልኩ አብሮ ይሞታል።

ስለዚህ ለጥገና ቤት ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ሲሆን ኤዲቢው ምን ይጠቅማል?

ሌላ፣ አገር ቤት ስልክ ለምትልኩ ሁሉ። እዚህ "አንሎክድ" ተብሎ የሚሸጠው ለሲም የተከፈተ ማለት ነው እንጂ ቡትሎደሩ የተከፈተ ማለት አይደለም። የቴሌኮም ድርጅቶች የሚሸጧቸው ብዙ ስልኮች ለሲም ቢከፈቱም ቡትሎደራቸው መቼም አይከፈትም። እኔ ለአጎቴ ልጅ ልኬለት እሱ ሩት ላድርግ ብሎ ሦስት ሌሊት ደክሟል።


ጥገና_ቤት — እሁድ፣ ከጠዋቱ 2:25

እህቴ ወይም ወንድሜ ከቨርጂንያ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ላይ ኤዲቢ አይጠቅምም። አላስፈላጊ አፕና የተበከለ ሲስተም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ያስቸግራል፣ ዳታ ይበላል፤ ግን ሲያነሱት ይሄዳል። ሁለተኛው ከአፕ ጋር ተጣብቆ ሳይሆን ከስልኩ አጥንት ጋር ተጣብቆ ነው የመጣው። ለዚያ ንጹሕ ፈርምዌር መጫን ነው፣ ካልተገኘ ስልኩን መቀየር ነው።


ኮደሩ — እሁድ፣ ከጠዋቱ 3:00

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር፤ የኛንም አገር ይነካል። በ2020 ነሐሴ አፕስትሪም የሚባል ድርጅት ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ቴክኖ ደብሊው2 የሚባለው ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ቫይረሶች አብረው ተጭነው ተገኙ። ሰው ሳያውቅ ክፍያ ላለው አገልግሎት ያስመዘግቡታል፣ ካርዱን ይበላሉ። ድርጅቱ ከ200,000 በላይ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት መዝግቧል። አገሮቹ ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ በዋናነት ነበሩ። አምራቹ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ስሙ ያልተገለጸ አቅራቢ ላይ አድርጎ ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል።

የሚገርመኝ ዘዴው ነው። ትሪያዳን ካስፐርስኪ ያገኘው በ2016 ነው። በኋላ ጉግል ራሱ በ2019 እንደጻፈው፣ አምራቾች እንደ ፊት መክፈቻ ያለ ነገር በራሳቸው መሥራት ሲያቅታቸው ለሌላ ድርጅት ሥራውን ይሰጣሉ፤ ሲስተሙን እንዳለ ይልኩለታል። ሲመለስ ያልተላከ ነገር ይዞ ይመለሳል። ገዢው ካርቶኑን ሲቀድ እንግዳው ቀድሞት ገብቷል።

የማድሪድ ተመራማሪዎችም ከ1,700 በላይ ስልኮችን፣ ከ82,000 በላይ አብረው የሚመጡ አፖችን መርምረው ነበር። ምርቶቹ 214 ናቸው። ስለዚህ የእማዬ ልጅ የምርቱን ስም አለመጥራትህ ጥሩ ነው፤ የአንድ ምርት ጉዳይ አይደለም።

እና ወንድሜ፣ የእናትህ የአየር ሰዓትም ሳይደወልበት የሚቀንስ ከሆነ እሱን ለይተህ እየው። በ994 ደውለህ ሲሙ ላይ ምን ምን አገልግሎት እንደተመዘገበ ጠይቅና አሰርዝ። ከተሰረዘ በኋላ እንደገና ራሱ ከተመዘገበ ስልኩን ጠርጥር።


ጅማ_ዩኒቨርሲቲ_ተማሪ — እሁድ፣ ከቀኑ 5:40

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ኮምፒውተር የለኝም፣ የጓደኞቼም የላቸውም። ዶርም ውስጥ ዋይፋይም የለም። ኤዲቢ ያለ ኮምፒውተር ይሆናል? የእኔም ስልክ እንደ እናትየው ስልክ ነው፣ ማስታወቂያው እንቅልፍ ነሳኝ።


ቡት_ሎደር — እሁድ፣ ከቀኑ 6:30

ይሆናል እህቴ። ስልክሽ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኮምፒውተር አያስፈልግሽም። ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ የእማዬ ልጅም ይጠቀምበት።

ሺዙኩ የሚባል አፕ ከፕሌይ ስቶር ጫኚ። ካንታ የሚባለውን ደግሞ ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው ሌላ የአፕ መደብር። ሺዙኩ ስልኩ ራሱን በራሱ በኤዲቢ እንዲያዝ ያደርገዋል። ካንታ ደግሞ በዚያ ላይ ተቀምጦ አፖቹን በዝርዝር ያሳይሻል።

ሴቲንግ ውስጥ "አባውት ፎን" ግቢና ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኪው። "ዲቨሎፐር ኦፕሽን" ይከፈትልሻል። እዚያ ውስጥ "ዋየርለስ ዲበጊንግ" አለ። እሱ ዋይፋይ ካልተገናኘ አይበራም። ዋይፋይ የለም ካልሽ የጓደኛሽን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቺና በእሱ ተገናኚ። ጓደኛሽ ዳታ ባይኖራትም ችግር የለውም፤ መገናኘቱ እንጂ ኢንተርኔቱ አይደለም የሚፈለገው።

ከዚያ ሺዙኩ ውስጥ "ፔሪንግ" በዪ። ዋየርለስ ዲበጊንግ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ያሳይሻል። ኮዱን የምትጽፊው ከላይ በሚወርደው ኖቲፊኬሽን ላይ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወደ ሺዙኩ ሊመለስ ሲል የኮዱ መስኮት ይዘጋበታል። ስለዚህ ሺዙኩ ኖቲፊኬሽን እንዲልክ መጀመሪያ ፍቀጂለት።

ካንታን ስትከፍቺ ከአፖቹ አጠገብ ምልክት ታያለሽ። ሪኮመንድድ የሚለውን ያለ ፍርሃት አንሺ። አድቫንስድ የሚለውን አንብበሽ። ኤክስፐርትና አንሴፍ የሚሉትን ተያቸው። ስትጨርሺ ዲበጊንጉን ማጥፋት አትርሺ። አንዳንድ የባንክ አፖች ክፍት ካገኙት ያጉረመርማሉ፣ ከዚያም በላይ ክፍት በር መተው ጥሩ አይደለም። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ ሺዙኩ ይቆማል፤ ያነሳሻቸው አፖች ግን እንደተነሱ ይቆያሉ።


ጥገና_ቤት — እሁድ፣ ከቀኑ 7:05

ጥሩ ጻፍከው። የማይነኩትን እኔ ልጨምር። ጉግል ፕሌይ ሰርቪስ፣ ዌብ ቪው፣ ሲስተም ዩአይ፣ የስልኩ መደወያ፣ እና የምትጽፉበት ኪቦርድ። ላውንቸሩን፣ ማለትም ዋናውን ስክሪን የሚያሳየውን አፕ፣ ማንሳት የፈለገ መጀመሪያ ሌላ ላውንቸር ጭኖ ዋናው ያድርገው፤ አለዚያ ጥቁር ስክሪን ነው የሚያገኘው። ኪቦርዱም እንዲሁ፤ ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ አማርኛ ስላለው እሱን አስቀድሞ መጫን ነው።

በአንድ ቀን ሁሉንም አትንሱ። አምስት አንሱ፣ አንድ ቀን ተጠቀሙበት። ችግር ከመጣ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። 60 አንስቶ የሚመጣልኝ ሰው ስልኩ ምን እንደጎደለው ራሱም አያውቅም።


የእማዬ_ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለሰፈሩ ልጅ አልሰጠሁትም። ዛሬ ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ሄድኩ። የእኔን ስልክ ሆትስፖት ከፍቼ በሺዙኩና በካንታ አደረግኩት። ሁለት ጊዜ ኮዱ አልቀበል ብሎኝ ነበር፤ ቡት ሎደር ያልከው የኖቲፊኬሽኑ ነገር ነበር።

ማጽጃውን፣ ብሮውዘሩን፣ የዜና ገጹን፣ ሌላውን አፕ መሸጫ፣ ሦስት ጌሞችን አነሳሁ። ከዚያ በራሴ ብልጠት "ዶክዩመንትስ" የሚል አፕ አየሁና ማን ይፈልገዋል ብዬ አነሳሁት። አሁን እማዬ በኢሞ ፎቶ ልላክ ስትል ምንም አይከፈትም። ምን ላድርግ?


ቡት_ሎደር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

እሱ ፋይል መምረጫው ነው። አፖች "ፎቶ ምረጥ" ሲሉ ብዙዎቹ የሚጠሩት እሱን ነው። ካንታ ውስጥ ከላይ "አንኢንስቶልድ" የሚል ሌላ ገጽ አለ። እዚያ ታገኘዋለህ፤ ምረጥና መልሰው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ከተቆለፈው ክፍል ነው የሚመጣው። ፋይሉ እዚያው ስለቀረ ነው እንዲህ በቀላሉ የሚመለስልህ።


የእማዬ_ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ተመለሰ! በሰከንድ። ሩት አድርጌ እውነት እውነት አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማታ አለቅስ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እኔ የራሴን ስልክ ግን ሩት ማድረግ አምሮኛል። ቴሌብርና የባንኬን አፕ በየቀኑ ነው የምጠቀመው። ይዘጋብኛል?


ቡት_ሎደር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

የሚዘጋና የማይዘጋ አለ፤ በየአፑ ይለያያል፣ በየአፕዴቱም ይቀየራል። አፖቹ ጉግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ በሚባል መንገድ "ይህ ስልክ ተነክቷል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ቡትሎደሩ ክፍት ከሆነ መልሱ "አዎ" ነው። መደበቂያ ዘዴዎች አሉ፣ እኔም ተጠቅሜያለሁ። ግን ድካሙ የማያልቅ ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ በሚቀጥለው ወር ይዘጋል። እኔ አሁን ሁለት ስልክ ነው የምይዘው። ገንዘቤ ያለበት ንጹሕ ነው፣ የምጫወትበት ሩት ነው። በ*127# ወይም ባንክህ በሰጠህ አጭር ኮድ መጠቀም ግን ሩት ቢሆንም ይሠራል፤ እሱ በሲሙ በኩል ነው የሚሄደው።

የስልክህንም ምርት አይተህ ወስን። ሁዋዌ በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ሻኦሚ አስመዝግቦ ቀናት ያስጠብቃል። ሳምሰንግ ላይ ከፍተህ ሩት ካደረግከው ኖክስ የሚባለው የደኅንነት ሥርዓት ውስጥ የማይመለስ ምልክት ይቃጠላል፤ በኋላ ብትመልሰውም ተነክቶ እንደነበር ይታወቃል።


ጅማ_ዩኒቨርሲቲ_ተማሪ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15

የእኔም ሠራ። 14 አፕ አነሳሁ፣ እንደተባለው አምስት አምስት እያልኩ። ለጓደኛዬም እሷ ሆትስፖት ስለከፈተችልኝ አደረግኩላት። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ስልክ ተሰልፏል።


የእማዬ_ልጅ — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:30

ከጠየቅኳችሁ ሳምንት ሞላው፣ ልንገራችሁ። እማዬ ጋ ያሉት ማስታወቂያዎች ቆመዋል። ዳታውን ዛሬ አየሁት። አፖቹን ካነሳሁ ወዲህ ከወጣው ውስጥ ኢሞ ነው የሚበዛው። ባትሪውም ቀድሞ ከሰዓት ላይ ነበር የሚያልቀው፣ አሁን እስከ ማታ ያደርሳታል። ሚሞሪው እንደተባለው ብዙ አልተለቀቀም፣ 400 ሜጋ ገደማ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሲስተም አፕዴት መጥቶ ስለነበር ጫንኩላት። ያ ማጽጃ ተመልሶ መጣ። እንደገና አነሳሁት፤ አሁን ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀኝ። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ እያየሁላት ነው።

በ994 ደውዬም ጠየቅኩ። እማዬ የማታውቃቸው ሁለት የመልእክት አገልግሎቶች ተመዝግበውባት ነበር፣ አሰረዝናቸው። እስካሁን አልተመለሱም። ከተመለሱ እዚሁ እጽፋለሁ።


ጥገና_ቤት — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:55

ጎበዝ። አፕዴቱን ግን እንዳትዘጋባት፤ የደኅንነት ማስተካከያው በእሱ ነው የሚመጣው። ማጽጃው በመጣ ቁጥር ማንሳቱ ይሻላል። ያነሳሃቸውን ስም ወረቀት ላይ ጻፍና ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጠው። አንተ ባትኖር እህትህ በቪዲዮ እያየች ለእናትህ ትነግራታለች።

ለእማማ ሰላም በልልኝ።